ከጭቃ ወደ ጠጠር፦ ብስክሌተኞችና የአሜሪካ ገጠር መንገድ

ዛሬ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በገጠር ጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት መጋለብ እንደ አዲስ ፋሽን ተይዟል። በካንሳስ ግዛት ኤምፖሪያ ከተማ በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረው ውድድር፣ ጎማ የሚቀድ ባልጩት በሞላበት መንገድ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ጋላቢዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከአስፋልትና ከመኪና ሸሽተን ወደ ቀድሞው መንገድ እንመለሳለን ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ አገር ገጠር የቀድሞው መንገድ ጭቃ ነበር። ጠጠሩ በሙግት፣ በአቤቱታና በሕግ የመጣ አዲስ ነገር ነው፤ ሙግቱን ቀድመው ያጧጧፉትም ባለመኪናዎች ሳይሆኑ ብስክሌተኞች ናቸው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሜሪካ በባቡር ሐዲድ የተሳሰረች አገር ነበረች። ከጣቢያው ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ግን ለየመንደሩ የተተወ ነበር። በብዙ ቦታ ገበሬው የመንገድ ግብሩን በገንዘብ ከመክፈል ይልቅ በዓመት ጥቂት ቀን አካፋውን ይዞ ወጥቶ በጉልበቱ ይከፍላል፤ ከቦዩ የዛቀውን አፈር መሃል መንገድ ላይ ይቆልላል፤ የሚቀጥለው ዝናብም ያንኑ አፈር ጭቃ አድርጎ ይመልስለታል። የፌዴራሉ መንግሥት በ1904 ባካሄደው ቆጠራ፣ ከ2.1 ሚሊዮን ማይል በላይ ከሚሆነው የገጠር መንገድ አንዳች ነገር የለበሰው 7 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ውስጥ የሚበዛው ጠጠር ነው። ስለዚህ በዘመኑ ‹‹የተሻሻለ መንገድ›› ሲባል፣ እኛ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ የምንለው ዓይነት፣ በአብዛኛው ጠጠር ማለት ነበር።

ከተሜው በባቡር ይሄዳል፤ ገበሬው ጭቃውን ለምዶታል፤ ነጋዴውም መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ብስክሌተኛው ግን ፈረስ እንኳ የማይሰማውን ጉድጓድ በገዛ አጥንቱ ይቆጥረዋል። የአሜሪካ ብስክሌተኞች ማኅበር በ1880 በኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ ሲቋቋም አባላቱ ከፊት ትልቅ፣ ከኋላ ትንሽ ጎማ ባለው ብስክሌት የሚሄዱ ጥቂት የደላቸው ሰዎች ነበሩ። በ1885 ስታርሊ እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱ ጎማዎች እኩል የሆኑበትን ብስክሌት ሠራ፤ በ1888 ዳንሎፕ በአየር የሚሞላውን ጎማ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌት የብዙ ሰው ሆነ። የማኅበሩ ሰው አይዛክ ፖተር በ1891 በቀጥታ ለገበሬው የተጻፈ የመንገድ ቅስቀሳ መጽሐፍ አሳተመ። የብስክሌት ፋብሪካው ባለቤት አልበርት ፖፕ ደግሞ መንግሥት የመንገድ መሥሪያ ቤት እንዲከፍት 150 ሺህ ያህል ፊርማ አሰባስቦ፣ በትልልቅ መዘውር ላይ የተጠቀለለ አቤቱታ ለኮንግረስ አቀረበ። (ብስክሌት ሻጭ ጥሩ መንገድ ቢመኝ አይፈረድበትም።) በ1893 በግብርና ሚኒስቴር ሥር የ10,000 ዶላር በጀት ያላት አንዲት ትንሽ የመንገድ ጥናት ቢሮ ተከፈተች፤ ኃላፊዋ ጄኔራል ሮይ ስቶን ነበር። ቢሮዋ ከጊዜ በኋላ የያዘችው ዘዴ አጭር የማሳያ መንገድ ሠርቶ ገበሬውን በዓይኑ ማሳመን ነው። የተከሰከሰ ድንጋይ በየደረጃው ይነጠፋል፤ በዳምጠው ይጠቀጠቃል፤ መሃሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ስለሚል ዝናቡ ሳይተኛ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

ያለ ጠጠር ብስክሌት ምን እንደሚመስል ከሁሉ ይልቅ የመሰከሩት ወታደሮች ናቸው። በሰኔ 1897 ከሞንታና ፎርት ሚዙላ የተነሡ 20 የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጥቁር ወታደሮች፣ በሌተናንት ጄምስ ሞስ መሪነት 1,900 ማይል ተጉዘው በ41ኛው ቀን ሴንት ሉዊስ ገቡ። የሞስ ሐሳብ ብስክሌት ፈረስን እንደሚተካ ማሳየት ነበር። የጉዞው ታሪክ ሲነበብ ግን ጎልቶ የሚወጣው መንገዱ ነው። የሚያጣብቀው ጥቁር ጭቃ በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን ያስቆመዋል፤ ጭቃውን በእጅ እየፋቁ ብስክሌቱን ይገፋሉ። ሲብስባቸው ወደ ባቡር ሐዲዱ ወጥተው ብረቱ ባረፈባቸው እንጨቶች ላይ እየተንገጫገጩ ይሄዳሉ። ነብራስካ ሲደርሱ ደግሞ አሸዋው ጠበቃቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግት ይችላል፤ መንገዱን የሠራው የመኪና ገንዘብ አይደለም ወይ? ገንዘቡን በተመለከተ ልክ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለግዛቶች መንገድ በሰፊው መክፈል የጀመረው በ1916 ሕግ ነው፤ ያኔ የፎርድ ሞዴል ቲ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። ነገር ግን ያን ገንዘብ የተረከበው መሥሪያ ቤት የ1893ቷ ቢሮ ቀጥተኛ ወራሽ ነው፤ ኒው ጀርሲም ለገጠር መንገድ ከግዛቱ ካዝና እንዲከፈል ሕግ ያወጣችው በ1891፣ መኪና በአገሩ ገና ሳይታወቅ ነው። ከዚህ የሚጠነክረው ሙግት የገበሬው ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ ጥሩ ብስክሌት 100 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር፤ ለከተሜ የእሑድ ሽርሽር እኔ ለምን ግብር እከፍላለሁ ሲል ገበሬው ትክክል ነበር። ልቡን ያራራው ከ1896 ጀምሮ ፖስታ እስከ ደጁ መምጣቱ ነው፤ ፖስታ ቤቱ መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ አገልግሎቱን ይነፍጋልና። የብስክሌቱ እብደትም ቶሎ በረደ፤ በ1898 ከ100 ሺህ በላይ የነበረው የማኅበሩ አባል በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ10 ሺህ በታች ወረደ። እንግዲህ ብስክሌተኞቹ ቀስቃሾች እንጂ ከፋዮች አልነበሩም። ቅስቀሳውን ከታሪኩ ብናወጣው ግን የ1916ቱን ገንዘብ ተቀብሎ ሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያም ሆነ ቢሮ ከየት ይመጣ እንደነበር ለማስረዳት ይቸግራል።

ምስጋናው ለማኅበሩ ብቻ መሰጠቱን ግን አልቀበልም። ማኅበሩ በ1894 አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ ደንብ አጽድቋል። ከሦስት ዓመት በኋላ በጭቃው ላይ 1,900 ማይል የተጓዙት ወታደሮች፣ ቢፈልጉም አባል መሆን አይችሉም ነበር። ደንቡ በይፋ የተሻረው በ1999 ነው።