ከቤት ውጭ ስፖርት የመሥራት ውዝግብ በእንግሊዝ (የኮቪድ-19 ወረርሽኝ)

ከቤት ውጭ ስፖርት የመሥራት ውዝግብ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ሕዝቡ፣ ፖሊስ፣ ሚኒስትሮችና የሕግ ሰዎች ከቤት ወጥቶ በእግር መሄድ፣ መሮጥና ብስክሌት መንዳት እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል በሚለው ጥያቄ የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ክርክሩ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. (ማርች 2020 እ.ኤ.አ.) እስከ መጋቢት 2013 ዓ.ም. ድረስ አንዴ እየጋለ አንዴ እየበረደ ቆይቷል። በእንግሊዝ መሮጥ ወይም በእግር መሄድ በራሱ የተከለከለበት ቀን አልነበረም። ሰዉን ያከራከረው በቀን ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል ሰዓት፣ ከቤት ምን ያህል ርቆ የሚለው ዝርዝር ነበር። ይህ ዝርዝር ደግሞ በአብዛኛው በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ሚኒስትሮች በቴሌቪዥን የተናገሩትና በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በምክር መልክ የወጣ ነበር።

ዳራ

የእንግሊዝ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን፣ ምግብ ቤቶችንና የስፖርት ማዘውተሪያ ጂሞችን የዘጋው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት ነው። በተከታዩ ቅዳሜና እሑድ አየሩ ፀሐያማ ስለነበረ ሕዝቡ ወደ ተራራና ወደ ባሕር ዳርቻ ጎረፈ። በዌልስ የሚገኘው የስኖውዶኒያ ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር በሰው ትዝታ ይህን ያህል ጎብኚ የመጣበት ቀን እንደሌለ አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ሰኞ ምሽት፣ መጋቢት 14 ቀን (ማርች 23)፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ከተፈቀዱት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ብቻን ወይም አብሮ ከሚኖር ቤተሰብ ጋር ስፖርት መሥራት ነበር፤ ለምሳሌም ሩጫን፣ የእግር ጉዞንና ብስክሌትን ጠቀሱ።

ሕጉ እና ምክሩ

ንግግሩ ሕግ የሆነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መጋቢት 17 ቀን (ማርች 26) በሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዝ ደንብ ማንም ሰው ያለ በቂ ምክንያት ከሚኖርበት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክልና የበቂ ምክንያቶችን ዝርዝር ያስቀምጣል። ብቻን ወይም ከቤተሰብ ጋር ስፖርት መሥራት በዝርዝሩ ውስጥ አለ። «በቀን አንድ ጊዜ» የሚለው ግን የለም። ስለ ሰዓት ርዝመትም ሆነ ስለ ርቀት የተባለ ነገር የለም። በጎረቤት ዌልስ ግን የአንድ ጊዜው ገደብ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ስለተጻፈ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለሩጫ የወጣ ሰው በካርዲፍ ሕግ ሲጥስ በብሪስቶል አይጥስም ነበር።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ማብራራት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የሕግ ደረጃ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ቅደም ተከተላቸው ቢለያይም ሦስቱም አስገዳጅ ናቸው። የእንግሊዝ መንግሥት በድረ ገጹ ያወጣው ጽሑፍ በአማርኛ ዜናዎች ብዙ ጊዜ «መመሪያ» ተብሎ ቢተረጎምም የማስገደድ ኃይል አልነበረውም፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ምክር» ተብሏል። ፖሊስ ሊቀጣ የሚችለው ደንቡን የጣሰን እንጂ ምክሩን ያልተከተለን አልነበረም። የመጀመሪያው ቅጣት 60 ፓውንድ ሲሆን በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ ወደ 30 ይወርድ ነበር፤ ለሚደጋግም ደግሞ እየታጠፈ እስከ 960 ፓውንድ ይደርስ ነበር።

ልዩነቱ ለተራው ሰው ግልጽ አልነበረም። ለሚኒስትሮቹም ቢሆን ግልጽ ነበር ለማለት ያስቸግራል። መጋቢት 20 ቀን (ማርች 29) ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ በቢቢሲ ሲጠየቁ ለአብዛኛው ሰው እስከ አንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ወይም የ30 ደቂቃ ሩጫ ይበቃል ብለው እንደሚያስቡ ተናገሩ። ይህ የግል ግምታቸው በማግሥቱ በብዙዎች አፍ «የአንድ ሰዓት ሕግ» ሆኖ ዋለ። የኖርዝሃምፕተንሻየር ፖሊስ ጎረቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሮጥ ወጣ የሚሉ በርካታ የስልክ ጥቆማዎች እንደደረሱት የገለጸውም በዚያው ሰሞን ነው።

በቀን አንድ ጊዜ የሚለው ምክር ከሁሉ በላይ የከበደው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ባሉባቸው ቤቶች ነበር። አንዳንዶቹ ልጆች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ያውም ሰው ወደማይበዛበት ቦታ በመኪና ተወስደው ካልተንቀሳቀሱ ይጨነቃሉ። ሁለት ቤተሰቦች በጠበቃ አማካይነት መንግሥትን እንደሚከሱ ካስታወቁ በኋላ፣ በመጋቢት መጨረሻ (በኤፕሪል መጀመሪያ) ምክሩ ተሻሽሎ የጤና ምክንያት ያለው ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲወጣና ራቅ ብሎም እንዲሄድ ተፈቀደ።

የደርቢሻየር ፖሊስ እና ድሮኑ

የውዝግቡ መታወቂያ የሆነው ክስተት የተፈጸመው በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ነው። የደርቢሻየር ፖሊስ ከርባር ኤጅ በተባለው ገደል አካባቢ ውሻቸውን የሚያናፍሱና የሚንሸራሸሩ ሰዎችን በድሮን ቀርጾ ምስሉን በማኅበራዊ ሚዲያ ለቀቀ፤ እንዲህ ያለው ጉዞ አስፈላጊ አይደለም የሚል ጽሑፍም አኖረበት። በምስሉ የሚታዩት ሰዎች ጥቂትና እርስ በርስ የተራራቁ ነበሩ። ይኸው ፖሊስ በበክስተን ከተማ አቅራቢያ ሰዎች ለዋና የሚሰበሰቡበትን ሰማያዊ ኩሬ ማራኪነቱን ለማጥፋት ጥቁር ቀለም ጨምሮበታል።

መጋቢት 21 ቀን (ማርች 30) የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ጆናታን ሰምፕሽን በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርበው ፖሊስ የሕግ አስከባሪ እንጂ የሚኒስትሮች ፍላጎት አስፈጻሚ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። አንድ መንግሥት የሚመርጠውን ሁሉ ያለ ሕግ በፖሊስ ማስፈጸም ከጀመረ የፖሊስ አገዛዝ ማለት ይኸው እንደሆነና የደርቢሻየር ፖሊስም የአገሪቱን የፖሊስ ባህል እንዳሳፈረ ተናገሩ። ፖሊስ በበኩሉ ዓላማው ሕዝቡን ማስተማርና ከሩቅ የሚመጡ መኪኖችን መቀነስ እንደነበረ አስረድቷል። የፖሊስ ሥጋት መሠረት የለሽ አልነበረም፤ በገጠሩ ያሉ ትንንሽ መንደሮች ብዙ አረጋውያን የሚኖሩባቸው ናቸው፤ የከተማ ሰው በሽታውን ይዞብን ይመጣል የሚል ቅሬታም ነበራቸው።

ሚያዝያ 8 ቀን (ኤፕሪል 16) የብሔራዊ ፖሊስ አዛዦች ምክር ቤትና የፖሊስ ኮሌጅ ለፖሊሶች ማብራሪያ አወጡ። በዚህ መሠረት በመኪና ወደ ገጠር ሄዶ በእግር መንሸራሸር፣ በመኪናው ካጠፋው ጊዜ ይልቅ በእግር የሄደበት በጣም ከበለጠ፣ በቂ ምክንያት ነው። በረጅም ጉዞ መካከል አረፍ ብሎ ምሳ መብላትም ይቻላል። ነገር ግን አጭር መንገድ ሄዶ በመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም ተባለ። ለአዛውንቶች ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ሳያርፉ ብዙ መሄድ አይችሉም።

መናፈሻዎች እና ጓሮ የሌላቸው ሰዎች

በለንደን ክርክሩ ያተኮረው በመናፈሻዎች ላይ ነበር። በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያ ፓርክ በመጋቢት አጋማሽ (ማርች 25) ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። በደቡብ ለንደን ደግሞ የላምቤዝ ማዘጋጃ ቤት ቅዳሜ መጋቢት 26 ቀን (ኤፕሪል 4) ከ3,000 በላይ ሰዎች ወደ ብሮክዌል ፓርክ እንደመጡና ብዙዎቹ ፀሐይ እየሞቁ ወይም ተሰባስበው እንደነበር ገልጾ በማግሥቱ ፓርኩን ዘጋ። በዚያው እሑድ የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ሕዝቡ ደንቡን ካላከበረ ከቤት ውጭ ስፖርት መሥራት ጭራሹን ሊከለከል እንደሚችል አስጠነቀቁ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ስለገቡ ማስጠንቀቂያው እንደ ባዶ ዛቻ አልታየም። ሆኖም እገዳው አልመጣም፤ ብሮክዌል ፓርክም ከሁለት ቀን በኋላ ተከፈተ።

የመዝጋቱ ተቃዋሚዎች ያነሱት ዋና ነጥብ የቤት ጉዳይ ነው። የብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ባወጣው መረጃ መሠረት በታላቋ ብሪታንያ ከ8 ቤተሰብ አንዱ የግልም ሆነ የጋራ ጓሮ የለውም፤ በለንደን ከ5 አንዱ የሚሆነው የለውም። በእንግሊዝ ጥቁሮች ጓሮ የማጣት ዕድላቸው ከነጮች በ4 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት አንዱ ደንብ ለሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ሆነ ማለት ይቻላል። ጓሮ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ በሣር ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲሞቅ የሚጠይቀው የለም፤ በፎቅ አፓርታማ ከልጆቹ ጋር የሚኖር ሰው ግን መናፈሻ ውስጥ ቁጭ ካለ ፖሊስ ያስነሳዋል። ሚያዝያ 10 ቀን (ኤፕሪል 18) የማኅበረሰብ ጉዳዮች ሚኒስትሩ ሮበርት ጄንሪክ የጓሮ ጉዳይን ጭምር ጠቅሰው ማዘጋጃ ቤቶች መናፈሻዎችን ክፍት እንዲያደርጉ አሳሰቡ።

ሳይንሳዊ ክርክር

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት ውጭ ያለው የመተላለፍ አደጋ ምን ያህል እንደሆነ በውል አይታወቅም ነበር። ሯጮችን በክፉ ዓይን እንዲታዩ ያደረገው በመጋቢት መጨረሻ በወቅቱ በቤልጅግና በኔዘርላንድስ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራ የነበረው መሐንዲስ በርት ብሎከን ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው የኮምፒውተር ስሌት ነው። ስሌቱ ከሯጭ ጀርባ በሚፈጠረው የአየር ፍሰት ውስጥ የምራቅ ነጠብጣቦች እንዴት እንደሚጓዙ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በቀጥታ ከፊት ካለው ሰው ኋላ የሚሄድ ሰው ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ የሚሮጥ 10 ሜትር፣ በፍጥነት ብስክሌት የሚነዳ ደግሞ 20 ሜትር እንዲርቅ መከሩ። ባለቀለሙ ምስል በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ጥናቱ በሌሎች ተመራማሪዎች ሳይገመገም በመሰራጨቱ ተተችቷል። ስሌቱ የሚለካው የነጠብጣብን ጉዞ ብቻ ነው፤ ነጠብጣቡ የደረሰበት ሰው በበሽታው ይያዛል ወይ የሚለውን አይመልስም፤ ራሱ ብሎከንም ይህን ተናግሯል። በኮምፒውተር የተሠራ ውብ ምስል ከሠንጠረዥ ይልቅ በቀላሉ እንደሚታመን ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በዚያው ወር ከቻይና የወጣ ሌላ ጥናት ግን ብዙም አልተሰራጨም። አጥኚዎቹ ከሁቤይ ግዛት ውጭ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የተያዙባቸውን 318 ወረርሽኞች መርምረው ሁሉም የተከሰቱት በቤት ውስጥ ወይም በሌላ ዝግ ቦታ እንደሆነ አገኙ። ከ7,000 በላይ ከሚሆኑት ታማሚዎች መካከል ከቤት ውጭ የተላለፈ ሆኖ የተገኘው ሁለት ሰዎችን የነካ አንድ ክስተት ብቻ ነው።

ግንቦት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. (ሜይ 13) በእንግሊዝ የቀን ገደቡ ከምክሩም ወጣ። ሰው የፈለገውን ያህል ጊዜ፣ የፈለገበት ቦታ ድረስ ሄዶ፣ ከሌላ ቤት ከመጣ አንድ ሰው ጋርም ስፖርት መሥራት ቻለ።

የጥር 2013 ዓ.ም. ውዝግብ

በሦስተኛው ገደብ ወቅት ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ደንቡ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ስፖርት መሥራትን ይፈቅዳል፤ ምክሩ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜና በአካባቢ ብቻ ይላል። «አካባቢ» ማለት ስንት ማይል እንደሆነ ግን በደንቡ አልተወሰነም። የደርቢሻየር ፖሊስ ከቤታቸው 5 ማይል ያህል ርቀው ወደ ፎርማርክ የውኃ ማጠራቀሚያ ለእግር ጉዞ የመጡ ሁለት ሴቶችን እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ ቀጣ። በእጃቸው የያዙት ትኩስ መጠጥ እንደ ሽርሽር ምግብ እንደሚቆጠር እንደተነገራቸውም ሴቶቹ ገልጸዋል። ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ የፖሊስ አዛዦች ምክር ቤት ማብራሪያ ሰጠ፤ ጥር 3 ቀን (ጃንዋሪ 11 ቀን 2021) ቅጣቱ ተነሥቶ ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ።

በዋዜማው እሑድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆንሰን ከመኖሪያቸው 7 ማይል ርቆ በሚገኘው በምሥራቅ ለንደን የኦሎምፒክ ፓርክ ብስክሌት ሲነዱ ታዩ። ሕግ አልጣሱም፤ ነገር ግን ለሁለቱ ሴቶች 5 ማይል ሩቅ ሆኖ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ 7 ማይል ቅርብ መሆኑ የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆነ።

በደንቡ ከቤት ለመውጣት ከአንድ ሰው ጋር ውጭ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት በቂ ምክንያት የሆነው የካቲት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. (ማርች 8) ነው። ከቤት ያለመውጣት ግዴታው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ ተነሣ።

በሌሎች አገሮች

ሌሎች አገሮች እንግሊዝ ክፍት የተወችውን ዝርዝር በሕግ ጽፈውታል፤ ክርክር ግን አልቀረላቸውም። ፈረንሳይ ከቤት 1 ኪሎ ሜትር፣ ለ1 ሰዓት፣ የተሞላ ቅጽ ይዞ መውጣትን ፈቀደች። የፓሪስ ከንቲባ አን ኢዳልጎና የከተማዋ ፖሊስ ኃላፊ ከመጋቢት 30 ቀን ጀምሮ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ መሮጥን ሲከለክሉ፣ ሯጮቹ በቀሩት ሰዓታት ተጨናነቁ የሚል ትችት ቀረበ። በስፔን ውሻ ይዞ መውጣት ሲፈቀድ ልጅ ይዞ መንሸራሸር ለስድስት ሳምንታት ያህል ተከልክሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ስፖርትንም ውሻ ማናፈስንም ለአምስት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ከልክላ፣ ከሚያዝያ 23 ቀን (ሜይ 1) ጀምሮ ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከቤት 5 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ ፈቀደች፤ በመጀመሪያው ጧት የኬፕታውኑ የሲ ፖይንት የባሕር ዳር መንገድ በሰው ተሞላ።

በኢትዮጵያ በመጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ቢከለክልም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አላዘዘም።