የልብ ወለድ ፊልም ለአየር ንብረት ጥበቃ፦ ምንነቱና በማኅበረሰብ ደረጃ አጠቃቀሙ

የዝናብን መዛባት፣ የአፈርን መሸርሸርና የምንጭን መድረቅ አርሶ አደሩ በኑሮው ያውቃቸዋል። አስቸጋሪው ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ መፍትሔውን መፈጸም ነው። እርከን መሥራትም ሆነ ከብትን ከተከለለ መሬት መከልከል አንድ ቤተሰብ ብቻውን የሚወጣው ተግባር አይደለም። የልብ ወለድ ፊልም ይህን የጋራ ውሳኔ በሰዎች ሕይወት ውስጥ አድርጎ ስለሚያሳይ ለውይይት በር ይከፍታል።

ዘዴው እንዴት ይሠራል?

ሜክሲኳዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1975 የጎልማሶችን ትምህርት የሚያበረታታ ተከታታይ ድራማ አቅርቧል። በእርሱ ዘዴ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ፦ መልካሙን ተግባር የሚደግፍ፣ የሚቃወምና በሁለቱ መካከል የሚያመነታ። ተመልካቹ ራሱን የሚያገኘው በሚያመነታው ላይ ነው፤ የእርሱን ስጋት፣ ስሕተትና ውሳኔ እየተከተለ የራሱን ይመዝናል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ ይህንኑ ዘዴ ለሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ተጠቅሞበታል።

ለውይይት የሚያገለግሉ ፊልሞች

• «ላምብ»፦ በያሬድ ዘለቀ የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል የታየ ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው። እናቱን በሞት ያጣው ሕፃኑ ኤፍሬም ከሚወዳት በጉ ጋር ወደ ዘመዶቹ ይላካል። ችግር ቤተሰብን እንዴት እንደሚበትን ያሳያል።

• «ፑምዚ»፦ በኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2009 የተሠራ አጭር ፊልም ነው። ውኃ በጠፋበት መጪ ዘመን አሻ የተባለች ሴት አንዲት ችግኝ ለማጽደቅ ሕይወቷን ትሰጣለች።

በማኅበረሰብ ደረጃ እንዴት ይዘጋጃል?

1. ወቅቱን መምረጥ፦ የተፋሰስ ሥራ በአብዛኛው በበጋ፣ ችግኝ ተከላ ደግሞ በክረምት ይከናወናል። ፊልሙ ሥራው ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢታይ ይመረጣል፤ ተግባሩ ከራቀ የተመልካቹ ስሜት ይቀዘቅዛል።

2. ፈቃድ ማግኘት፦ ፊልም በአደባባይ ከማሳየት በፊት የባለመብቱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

3. ውይይት መምራት፦ «ባለታሪኩን ምን አስፈራው? እኛስ የምንፈራው ምንድን ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቅረቡ። ሴቶች፣ ወጣቶችና መሬት የሌላቸው ነዋሪዎች እንዲናገሩ ዕድል ይሰጥ።

4. በውሳኔ መቋጨት፦ ተሰብሳቢው አንድ ተግባር መርጦ ቦታውን፣ ቀኑንና ኃላፊውን ይወስን። የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ቢገኝ የቴክኒክ ጥያቄዎች በዚያው ይመለሳሉ።

ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦች

ጥፋትን ብቻ የሚያሳይ ታሪክ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ችግሩን በቀላሉ የሚፈታ ታሪክ ደግሞ አይታመንም። ከብቱን ከግጦሽ የሚያስቀር አባወራ መኖ ከየት እንደሚያገኝ ፊልሙ ካልነገረ ውይይቱ ሊመልሰው ይገባል። የሥራው ውጤትም በተመልካች ብዛት ሳይሆን በቀጣዩ ዓመት በጸደቀው ችግኝና ሳይፈርስ በቆየው እርከን ይመዘናል።