ዳዋው ምን በደለ?

ባለፈው ሰሞን ቤታችን አይጥ ገባች። መጀመሪያ የሰማቻት ባለቤቴ ናት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና «ትሰማለህ?» አለችኝ። ኮሽ... ኮሽ... ከወጥ ቤት በኩል። «ነፋስ ነው» አልኳት። ወንድ ልጅ በሌሊት ከአልጋው ላለመነሣት የማይለው ነገር የለም። ጠዋት የጤፍ ዱቄቱ ከረጢት ጥግ ጥጉ ተቀዶ፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ተበትኖ ስናገኝ የነፋሱ ነገር አበቃለት።

ከዚያማ ምክሩ ጎረፈ። እንደው የአይጥ ነገር ተነሥቶ ምክር ያጣ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። ጎረቤታችን እትዬ ድመታቸውን ሊያውሱን ቃል ገቡ (ድመቷን አውቃታለሁ፤ ከሶፋ ላይ የምትነሣው ለምሳ ብቻ ነው)። አንድ ወዳጄ «ሙጫ ነው ፍቱኑ፣ ተጣብቃ ታድራለች» አለኝ። ታናሽ ወንድሜ የብረት ወጥመድ ይዞልኝ መጣ። በራችን ላይ ደግሞ ያ የምታውቁት የድምፅ ማጉያ ደረሰ፦ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ መድኃኒት!» ወጥቼ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ይቺን ከቀመሰች ውኃ ፍለጋ ወጥታ ውጭ ነው የምትሞተው» አለኝ ወጣቱ። ቡፌ ሥር ሞታ ሳምንት ሙሉ ቤት ያሸተተች አይጥ ስለማስታውስ ዝም አልኩት።

ልብ አድርጉልኝ፤ መካሪዎቼ ሁሉ ስለ አገዳደሏ ነው የነገሩኝ። «ለመሆኑ በየት ገባች?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ይሄኔ ነው ያ ተረት ትዝ ያለኝ፦ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ»። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ቃል በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደተረጎምኩት አልቆጥረውም። አይጧ እህሉን በልታ ዳዋው ውስጥ ትገባለች። ባለ እህሉ ተናዶ ዱላውን ይዞ ይመጣል። አይጧን አያገኛትም፤ ዳዋውን ግን ያገኘዋል። ዳዋ ደግሞ አይሮጥም። የሰውና የአይጥ ታሪክ ረጅም ነው፤ በየዘመኑ ግን ይሄ ዳዋ አይጠፋበትም።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። አይጥ ከሰው ጋር የተጎዳኘችው ሰው እህል መዝራት ሲጀምር ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ግን ነገሩን ወደ ኋላ ገፋው። አጥኚዎቹ በዛሬዋ እስራኤልና አካባቢዋ ከጥንት መኖሪያዎች ተቆፍረው የወጡ ጥቃቅን የአይጥ ጥርሶችን መረመሩ። የቤት አይጥ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ እርሻ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ እያደነና እየለቀመ ይኖር የነበረ ሰው አንድ ቦታ መርጋት ሲጀምር ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ የሚገርመው፣ ሰዎቹ እንደገና መንከራተት ሲያበዙ የቤቷ አይጥ ትመነምናለች፤ የዱሯ ዘመዷ ቦታውን ትይዛለች። ሰዎቹ ሲረጉ የቤቷ ትመለሳለች። እንግዲህ «አይጥ ቤታችን ገባች» ስንል ትንሽ እየዋሸን ነው። ቤቱን ስንሠራ ለእሷም አብረን ሠርተንላታል።

ድመትም አይጥን ተከትላ መጣች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ደሴቲቱ የራሷ ድመት ስላልነበራት ሰው በጀልባ ጭኖ እንዳመጣት ግልጽ ነው።

የእኛዎቹም አባቶች ቢሆኑ አይጥን አሳምረው ያውቋታል። ጎተራውን ያየ ሰው ይረዳዋል፦ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይቀመጣል፣ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ ክዳኑ ይጠብቃል። የብራናው መጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ላይ ከኩላቡ ይንጠለጠላል፤ ከመሬቱ እርጥበትም ከአይጧም ይርቃል። ይሄ ሁሉ የመከልከል ጥበብ ነው። ችግሩ፣ መከልከል ያደክማል። በየዓመቱ መመረግ አለ፣ በየማታው መክደን አለ። ዱላ ማንሣት ይቀላል። ዱላ ደግሞ አንዴ ከተነሣ ማረፊያ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1348 እና በ1349 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያጭድ ሰዉ በሽታው ከየት እንደመጣ አላወቀም። (በሽታውን ያዛመተችው የአይጥ ቁንጫ ናት ወይስ የሰው ቁንጫና ቅማል የሚለውን ዛሬም ድረስ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል።) ያልታወቀ ነገር ግን ሳይመታ አይታደርም። «አይሁዶች የውኃ ጉድጓድ መርዘው ነው» ተባለ። ሊቀ ጳጳሱ ክሌመንት 6ኛ «እነሱም እኮ በዚሁ በሽታ እያለቁ ነው» ብለው ቢያወግዙም ሰሚ አላገኙም። ስትራስቡርግ በተባለችው ከተማ የካቲት 1349 ላይ በመቶ የሚቆጠሩ አይሁዶች በእሳት ተቃጠሉ፤ ቁጥሩን እስከ 2,000 የሚያደርሱትም አሉ። ወረርሽኙ ያን ቀን ከተማዋ ገና አልገባም ነበር። ዳዋው አይጧ ሳትደርስ ተመታ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1665 ደግሞ ተራው የለንደን ሆነ። የከተማዋ ሹማምንት ውሾችና ድመቶች በሽታ ያዛምታሉ ብለው እንዲገደሉ አዘዙ። ዳንኤል ዴፎ ከ57 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ 40,000 ውሾችና 200,000 ድመቶች ተገደሉ ይላል። ዴፎ በወረርሽኙ ጊዜ ገና ሕፃን ነበር፣ መጽሐፉም ድርሰት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን በጥርጣሬ ያዙት። ትእዛዙ ግን እውነት ነው። አይጥ የሚይዘውን እንስሳ እየለቀሙ ገደሉ።

ትክክለኛው መልስ መምጣት የጀመረው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አሌክሳንደር የርሲን ሆንግ ኮንግ ውስጥ የበሽታውን ተሕዋስ ለየ። በ1898 ፖል ሉዊ ሲሞን ካራቺ ላይ የታመመችና ጤነኛ አይጥ እንዳይነካኩ አድርጎ በወንፊት ሽቦ ለያያቸው። በወንፊቱ የምታልፈው ቁንጫ ብቻ ነበረች። ጤነኛዋ ታመመች። ለዚህ ግኝቱ ያገኘው ምስጋና ሳይሆን ዓመታት የፈጀ ጥርጣሬ ነው።

ወንጀለኛዋ ከታወቀችስ በኋላ? አሁንም ወደ ዱላው። ሃኖይን በቅኝ የያዙት ፈረንሳዮች ለራሳቸው ሰፈር ዘመናዊ የፍሳሽ ቦይ ዘረጉ። ቦዩ ለአይጥ ቤተ መንግሥት ሆነላት። እ.ኤ.አ. በ1902 አይጥ ገዳዮች ተቀጠሩ፤ በሰኔ አንድ ቀን ብቻ ከ20,000 በላይ ገደሉ። አይጧ ግን አላለቀችም። ከዚያ ለሕዝቡ «ጅራት ላመጣ ገንዘብ እንከፍላለን» ተባለ። ጅራቱ እንደ ጉድ መጣ። ሹማምንቱ ደስ አላቸው፤ ጅራት የሌላቸው አይጦች ከተማው ውስጥ ሲንጎራደዱ እስኪያዩ ድረስ። ለካ ሰዉ ጅራቷን ቆርጦ እንድትወልድ ይለቃታል! አንዳንዱማ ከከተማ ወጣ ብሎ አይጥ ያረባ ጀመር። ቦዩን ግን የነካው የለም።

መርዙም የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ሲመረምሩ ደም የሚያቀጥን ንጥረ ነገር አገኙ። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ ወጣ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ዛሬ በአገራችንም የልብ ሕመምተኞች የሚወስዱት እሱ ነው። ባለ ድምፅ ማጉያው ወጣት «የአይጥ መድኃኒት» ማለቱ ለካ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም! አይጧስ? አሥር ዓመት እንኳ ዝም ብላ ቆየች ማለት ነው፤ በ1958 ስኮትላንድ ውስጥ መርዙ የማይበግራቸው አይጦች ተገኙ። የበለጠ ኃይለኛ መርዝ ተሠራ። ያንን የቀመሰችውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት ግን እሷም ትመረዛለች። ለንደን ላይ በትእዛዝ የተደረገውን አሁን ሳናውቀው እናደርገዋለን።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ሊቅ ለመምሰል አይደለም። እኔም የመታሁት ዳዋ ስላለ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ዕቁብ ወጣልን። 3,000 ብር፣ ባለመቶው 30 ቅጠል። ባለቤቴ በመሐረብ ጠቅልላ የቡፌው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ልብሶቹ ሥር አኖረችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብታይ የለም። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ እሷ፣ ሁለት ሕፃናት ልጆቻችን፣ እና ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት የ17 ዓመት ሠራተኛችን ነን። ማን እንደተጠረጠረ መናገር አያስፈልገኝም። የወር ደመወዟ 80 ብር ነበር፤ የጠፋው ገንዘብ ከሦስት ዓመት ደመወዟ ይበልጣል።

«እትዬ፣ በማርያም! እኔ አላየሁም» አለች። ፌስታሏን አስገለበጥናት። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ማበጠሪያ፣ አንድ የእናቷ ፎቶግራፍ። ገንዘቡ አልተገኘም። እኛ ግን «ለሰው አቀብላዋለች» አልን፤ አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። የዚያን ወር ደመወዟን ይዘን አሰናበትናት። ከበር ስትወጣ ትንሿ ልጃችን ቀሚሷን ይዛ አለቅም ብላ አልቅሳ ነበር። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ለፋሲካ ቤቱን ልናስቀባ ቡፌውን ከግድግዳው አነሣነው። ከመሳቢያው በስተጀርባ፣ ጣውላው በተበላበት በኩል አንድ ድቡልቡል ነገር አለ። ጎጆ ነው። የመሐረቡን ክር አወቅነው። የቀረው የተቦጫጨቀ ወረቀት ነው፤ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ በደንብ የተነጠፈ። በዚያን ጊዜው ባለመቶ ብር ላይ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርስ ነበር። ከገበሬዎቹ ለአንዱ አንድ በሬ ብቻ ቀርቶታል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቀለም ቀቢው «ምን ሆናችሁ?» ቢል የመለሰለት የለም።

ደላላው ጋ ሄድኩ። «ቤሩት ሄዳለች እኮ» አለኝ። አድራሻ የለውም፤ የመንደሯንም ስም በቅጡ አያውቀውም። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተውኩት። ተውኩት ስል ፈልጌ አጣኋት ለማለት አይደለም፤ መፈለጉ ደከመኝ። 80ው ብር እስከ ዛሬ ዕዳዬ ነው፤ 80 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮማ በቀለለኝ። «ሌባ» የሚለው ስም አብሯት ሄዷል። ጎጆውን እንዳገኘነው ሳታውቅ።

አሁን ወደ ሰሞኑ አይጥ ልመለስ። በዚህኛው ጊዜ ዕቃውን ሁሉ አወጣን። የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ግድግዳውን በሚበሳበት በኩል እርሳስ የምታሾልክ ክፍተት ተገኘች። ለትንሽ አይጥ ይበቃታል፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላ አካሏ አያስቸግራትም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቀን በሲሚንቶ ደፈንነው። ዱቄቱ ክዳኑ የሚገጥም በርሜል ውስጥ ገባ። ውስጥ ለቀሩት የወንድሜን ወጥመድ አጠመድን፤ ሁለት ያዘ። ከዚያ ወዲህ ኮሽታ የለም። መርዙን አልገዛሁም፤ የእትዬ ድመትም ሶፋዋ ላይ እንደተኛች ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴ አንዱ የወርቅ ጉትቻዋ ጠፋባት። አሁን አብራን ያለችው ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ልክ እንደዚያችኛዋ ልጅ ፊት አመድ መስሏል። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረችና «ና ቡፌውን እናንሣ» አለችኝ።

አነሣን። አልጋውን አነሣን፣ ምንጣፉን ገለበጥን። ጉትቻው አልተገኘም። እስካሁንም አልተገኘም። ማንንም አልጠየቅንም።