የቆሻሻ ላስቲክም ታሪክ አለው

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ቆሻሻ ላውራችሁ። አትሳቁ!

እ.ኤ.አ. በ1883 የፓሪስ አስተዳዳሪ የነበረው ኡዤን ፑቤል አከራዮች ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ ለተከራዮቻቸው እንዲያቀርቡ አዘዘ። አከራዮቹም፣ ቆሻሻ ለቅመው የሚያድሩትም አጉረመረሙ። ዕቃው ግን ስሙን ወረሰ፤ ፈረንሳዮች ዛሬም «ፑቤል» ነው የሚሉት።

ላስቲኩ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1950 ገደማ ካናዳዊው ሃሪ ዋሲሊክ ዊኒፔግ ውስጥ ሠራው፤ መጀመሪያ ያቀረበውም ለከተማው ሆስፒታል ነበር። አይገርምም፤ እዚያ ቆሻሻ በእጅ መንካት በሽታ ያመጣል።

እኛ ጋ ግን ላስቲኩ ትልቁ በርሜል ውስጥ ይሰምጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከሥሩ አየር ይታፈናል፣ ላስቲኩ ታች ሳይደርስ ተንሳፎ ይቀራል፤ ክብደት ሲያርፍበት ጠርዙን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በርሜሉን ከጎኑ፣ ወደ ታች፣ ሁለት ቦታ ብሱት። የላስቲኩን አፍ ወደ ውጭ ገልብጡና ትርፉን አጥብቃችሁ ቋጥሩ። ቀዳዳው ሞልቶ ሲወጣም እንዳይጣበቅ ይረዳል።

ላስቲኩ ሲሰምጥ እጇን የምትሰደው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ውስጡ ስባሪ ጠርሙስ ይኑር መርፌ አታውቅም። ቋጠሮው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እባካችሁ፣ ቋጥሩ።