መድፍ ያልነጠቀውን ብዕር ሲነጥቅ፦ የሞሮ ሙስሊሞች ታሪክ

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 282 ላይ የሰፈረው ይህ የአላህ (ሱ.ወ.) ቃል ስለ ብድር ውል አጻጻፍ የሚናገር ነው። ውሉ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዛል። ጸሐፊ ከፍትሕ ሲያፈነግጥ በአንድ ሕዝብ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ፊታችንን ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ ወደ ፊሊፒን ደሴቶች እናዙር።

ዛሬ ፊሊፒን ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው የካቶሊኮች አገር ነው። ነገር ግን እስልምና ወደነዚያ ደሴቶች የገባው ከክርስትና ቀድሞ ነው። በደቡብ በምትገኘው ሲሙኑል በምትባል ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ መስጂድ እንደ ተሠራ ይነገራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የሱሉ ሱልጣኔት ተመሠረተ፤ በትልቋ የሚንዳናኦ ደሴት ደግሞ የማጊንዳናኦ ሱልጣኔት ተከተለ። በሰሜን እንኳ ስፔኖች በ1571 ማኒላን ሲይዙ ካገኟቸው ገዥዎች አንዱ ራጃ ሱለይማን የተባለ ሙስሊም ነበር። አገሪቱ የምትጠራበት ስም ግን ከስፔኑ ንጉሥ ከዳግማዊ ፊሊጶስ የተወሰደ ነው።

ስፔኖች በ1492 ግራናዳን ወስደው የመጨረሻውን የአንዳሉስ ግዛት አጠፉ። ማጌላን የፊሊፒን ደሴቶች የደረሰው ከዚያ 29 ዓመት በኋላ፣ በ1521 ነው። በመሆኑም ከሌላው የዓለም ጫፍ ሰላት የሚሰግዱ ሰዎችን ሲያገኙ በአገራቸው ሙስሊሙን ይጠሩበት በነበረው የጠላትነት ስም «ሞሮ» አሏቸው። የሰሜኑን ሕዝብ አጥምቀው ወታደር እያደረጉ ወደ ደቡብ አዘመቱት። የደቡብ ሰዎችም በበኩላቸው በመርከብ እየወጡ የሰሜኑን ጠረፍ ይወርሩ፣ ሰዎችንም ማርከው ለባርነት ይወስዱ ነበር። ታሪክን ስንናገር የወገናችንን ጥፋት መሸፈን ተገቢ አይደለምና ይህንንም እንመዝግብ። ከአንድ ዘር የወጡ ሁለት ሕዝቦች ደም የተቃቡት በዚህ ዘመን ነው። ያም ሆኖ ስፔን ከ300 ዓመታት በላይ ተዋግታ ደቡቡን ሙሉ በሙሉ መግዛት ተሳናት። የማጊንዳናኦው ሱልጣን ኩዳራት በ1637 መናገሻቸውን ቢያጡም እንደገና ተነሥተው ለአሥርታት ገዝተዋል።

ታዲያ መድፍ ያልቻለውን ምን ቻለው? ወረቀት ቻለው። በ1878 የሱሉ ሱልጣንና ስፔን የተፈራረሙት ውል በስፔንኛና በሱሉዎች ቋንቋ በታውሱግ የተጻፈ ሲሆን፣ በሁለቱ ቋንቋዎች የሰፈረው ቃል አንድ አልነበረም። በስፔንኛው ሱልጣኑ የስፔንን የበላይ ገዥነት ተቀብለዋል፤ በታውሱጉ ግን ይህ እንዲያ ተብሎ አልተጻፈም። ከ20 ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 1898 ስፔን በአሜሪካ ስትሸነፍ በፓሪስ ውል ፊሊፒንን በ20 ሚሊዮን ዶላር አስረከበች። በጠቅላላው ገዝታው የማታውቀው የሙስሊሞች ምድርም አብሮ ተሸጠ። ሱልጣኖቹን የጠየቃቸው አልነበረም።

በነሐሴ 1899 የአሜሪካው ጄኔራል ቤትስ ከሱልጣን ጀማሉል ኪራም ጋር ሌላ ውል ተፈራረመ። ያው ነገር ተደገመ! የእንግሊዝኛው የአሜሪካን ሉዓላዊነት ሲያጸና፣ የታውሱጉ የሚናገረው ስለ ድጋፍ፣ እርዳታና ጥበቃ ነበር። ሱልጣኑ ወዳጅ ያገኙ መስሏቸው የፈረሙበት ወረቀት ለሌላው ወገን የግዛት ማስረጃ ሆነ። በዚያው ዓመት በኢስታንቡል የነበረው የአሜሪካ አምባሳደር የዑስማኒያውን ሱልጣን ዳግማዊ ዐብዱልሐሚድን ለምኖ የሱሉ ሙስሊሞች አሜሪካውያንን እንዳይዋጉ የሚመክር መልእክት በመካ በኩል አስልኳል። ሙስሊሞቹ ምክሩን ሰምተው በጦርነቱ ከሰሜኖቹ ጎን አልተሰለፉም። የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ በኋላ ግን አሜሪካ በ1904 የቤትስን ውል በራሷ ፈቃድ ሰረዘች። በመጋቢት 1906 ግብሩንና አዲሱን አገዛዝ አንቀበልም ብለው በቡድ ዳጆ ተራራ አናት የመሸጉ ሙስሊሞች በመድፍና በጠመንጃ ተጨፈጨፉ። ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ የሟቾቹ ቁጥር ከ600 እስከ 1,000 ይገመታል።

ውድ አንባቢያን! የቡድ ዳጆ እልቂት ልብ የሚያደማ ነው። ለትውልድ የተረፈው ጉዳት ግን በጸጥታ በቢሮ ውስጥ የተፈጸመው ነው። በ1902 መሬት ሁሉ እንዲመዘገብ ታወጀ። በ1903 ደግሞ ሱልጣኖችና «ዳቱ» የሚባሉት ባላባቶች ያለ መንግሥት ፈቃድ የሰጡት መሬት ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ተደነገገ። ሙስሊሞቹ መጻፍ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። የትውልድ ሐረጋቸውን በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ «ታርሲላ» የሚሉት ይህ መዝገብ ስሙም «ሲልሲላ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ዳሩ ግን በአዲሱ ፍርድ ቤት ፊት ታርሲላ ማስረጃ አይሆንም። አያት ቅድመ አያቱ ያረሱት መሬት የመንግሥት ሆኖ ተገኘ። በ1919 በወጣው ሕግ ክርስቲያን ሰፋሪ እስከ 24 ሄክታር መጠየቅ ሲችል፣ «ክርስቲያን ያልሆነ» የተባለው ነባር ነዋሪ የተፈቀደለት 10 ሄክታር ብቻ ነበር፤ እሱም በ1936 ወደ 4 ወረደ።

ከ1913 ጀምሮ ከሰሜን ሰፋሪዎች በመንግሥት እየተደገፉ መጡ። አብዛኞቹ በባለ ርስቶች እርሻ ላይ የደኸዩ ጭሰኞች ነበሩ፤ የሰሜኑን ባለ ርስት ከመንካት ድሀውን በሌላው ድሀ ምድር ላይ ማስፈር ቀለለ። በመጋቢት 1935 በዳንሳላን ከተማ፣ በዛሬዋ ማራዊ፣ ከመቶ የማያንሱ የማራናኦ ጎሣ መሪዎች ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት አቤቱታ ጻፉ። ነፃነት ለፊሊፒን ሲሰጥ ምድራችን አብሮ አይሰጥብን አሉ። ሰሚ አላገኙም። ነፃነት በ1946 ሲመጣም የመሬቱ ሕግ በነበረበት ቀጠለ፤ በምዕተ ዓመቱ መግቢያ ከሚንዳናኦ ሕዝብ አብዛኛው የነበረው ሙስሊም በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ከአምስት ሰው አንድ ያህል ሆነ።

በ1968 በኮሬጊዶር ደሴት ወጣት ሙስሊም ምልምል ወታደሮች መገደላቸው የታመቀውን ቁጣ አፈነዳው። በ1972 ማርኮስ ወታደራዊ አገዛዝ ሲያውጅ በኑር ሚስዋሪ የሚመራው የሞሮ ብሔራዊ ነፃነት ግንባር ወደ ለየለት ጦርነት ገባ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የ1976ቱ የትሪፖሊ ስምምነት፣ የ1996ቱ ስምምነት፣ በ2014 ከሞሮ እስላማዊ ነፃነት ግንባር ጋር የተደረገው ስምምነት ተከታተሉ፤ በመጨረሻ በ2019 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ አስተዳደር ቆመ። «ባንግሳ» ሕዝብ ማለት ነው። ጠላት ለስድብ የሰጠውን «ሞሮ» የሚለውን ስም አንሥተው የራሳቸው መጠሪያ አደረጉት። ደስታው ግን ሙሉ አይደለም፤ የሱሉ መራጮች በድምፅ መስጫው እምቢ በማለታቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ያን የጥንት ሱልጣኔት ምድር ከራስ ገዙ ውጭ አድርጎታል።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የምንወስደው ምንድን ነው? በሠርግና በውርስ፣ በቤትና በመሬት፣ በወንድማማቾች ንግድ እንኳ «በመካከላችን መተማመን አለ» እያልን ሳንጽፍ እንቀራለን። ጌታችን ግን እንድንጽፍ አዟል፤ ትንሽ ይሁን ትልቅ መጻፉን እንዳንሰለችም አስጠንቅቋል። የምንፈርመውን ወረቀት በምንረዳው ቋንቋ እናስነብብ። የምንኖርበት አገር ሕግ የሚቀበለውን ማስረጃ እንያዝ፤ ልጆቻችንንም ይህንኑ እናስተምር። ብዕሩ በእጃችን ሲሆን ደግሞ፣ በተለይ ወላጅ አልባ፣ ባል የሞተባት ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በፊታችን ሲቀመጥ፣ የጄኔራሉን ጸሐፊ እንዳንሆን አላህን እንፍራ።

ሌላም ትምህርት አለ። በ2017 ታጣቂዎች ማራዊን በያዙ ጊዜ የከተማይቱ ሙስሊሞች ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውንና ሠራተኞቻቸውን በቤታቸው ደብቀው፣ መሐረብ አከናንበው፣ የሰላምታ ቃል አስጠንተው ከሞት አስመልጠዋል። መሬታቸውን የወሰደውን ወረቀት አልረሱም፤ በደሉን ግን በጎረቤት ላይ አልተወጡም።

አላህ በፍትሕ ከሚጽፉትና በፍትሕ ከሚመሰክሩት ያድርገን። አሚን።