«ስሌታዊ ምርጫ»፦ ስለ አንድ አዲስ ቃልና ስለ ትርጓሜው

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጋሪ ቤከር፣ አንድ ቀን ተማሪ በቃል ሊፈትኑ ሲገሠግሡ ሰዓቱ ረፍዶባቸው ነበርና፣ መኪናቸውን ከፍለው ከማቆሚያ ቢያስገቡት ይሻል ወይስ በተከለከለው መንገድ ዳር ቢተዉት፣ የቅጣቱን ልክና የመያዝን ዕድል በልባቸው መዝነው ደንቡን መጣስ እንደሚያዋጣ ስለ ታያቸው ከመንገዱ ዳር አቁመው ሄዱ፤ ቅጣትም አላገኛቸውም። ምስኪኑ ተማሪ ግን በመጀመሪያ የተጠየቀው ይህንኑ ነገር ነበር። ጣሊያናዊው ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 የጀመረው፣ ቤከርም በ1968 ባሳተሙት ድርሰት በሒሳብ መልክ ያደሱት፣ ወንጀለኛ ጥቅምንና ጉዳትን አመዛዝኖ የሚመርጥ ሰው ነው የሚለው ትምህርት ዛሬ «ራሽናል ቾይስ» ይባላል።

ይህን ስም «ምክንያታዊ ምርጫ» ብለው የሚተረጕሙት አሉ፤ ነገር ግን በአማርኛችን ምክንያት መንሥኤ ብቻ ሳይሆን ማመካኛም ነውና፣ ምክንያተኛም ሲባል ሰበብ ፈላጊ ማለት ነውና፣ አንባቢ ሌባው ሲያመካኝ እንጂ ሲያሰላ አይታየውም። «የልቡና ምርጫ» እንዳንልም፣ እናት የሰረቀ ልጇን «ልቡና ይስጥህ» የምትለው ልቡና እንደ ጐደለው ቈጥራ ስለ ሆነ ቋንቋው ራሱ ይቃወመናል። ስለዚህ አሰላ ከሚለው ግሥ «ስሌታዊ ምርጫ» ማለትን መርጫለሁ፤ ስሌት ሊቀናም ሊሳሳትም የሚችል፣ ከባለቤቱ ጥበብንም ጽድቅንም የማይጠይቅ ነገር ነውና።

ስሌቱ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ምዕራብ ጀርመን አሳይታለች። የራስ ቁር ሳይደፋ ሞተር ቢስክሌት የሚነዳ ሁሉ በተያዘበት ስፍራ እንዲቀጣ ከ1980 ጀምሮ በታዘዘ ጊዜ፣ ትእዛዙ ለነጂው ደኅንነት እንጂ ለሌባ የታሰበ ሳይሆን፣ በዓመት ከ150 ሺህ በላይ የነበረው የሞተር ቢስክሌት ስርቆት በ1986 ወደ 54 ሺህ ገደማ ወረደ፤ ባዶ ራሱን የመጣ ሌባ ገና መንገድ ሲወጣ ፖሊስ ዓይን ውስጥ ይገባልና። የራስ ቁር ይዞ መምጣት ይህን ያህል ከባድ ነገር ነበርን? ሆኖም አብዛኛው ይህን አላደረገም፤ የመኪናና የቢስክሌት ስርቆትም የጐደለውን ያህል አልጨመረም።

በስካርና በቍጣ ጩቤ የመዘዘውን ሰው ግን በዚህ ቃል መግለጥ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ልብሱን ከልኩ በላይ መወጠር ነው። ይህን ትምህርት ያስፋፉት የወንጀል ተመራማሪዎች ዴሬክ ኮርኒሽና ሮናልድ ክላርክም ስለ ወንጀል በደምሳሳው ከመናገር፣ ቤት ሰርሳሪውን ለብቻው፣ መኪና ሌባውንም ለብቻው መመርመር እንደሚገባ አጥብቀው ጽፈዋል።