ባክቴሪያ የዘር ሐረግ ያገኘበት ዘረመል

የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ባክቴሪያን በቀለም ነክሮ የሚለይበትን ዘዴ ያሳተመው በ1884 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለዘጠና ዓመት ያህል ባክቴሪያ የሚመደበው በሚታይና በሚፈተን ጠባይ ነበር፤ ቅርጹ ክብ ነው ወይስ ዘንግ፣ ቀለሙን ይይዛል ወይስ ይለቃል፣ የትኛውን ስኳር ያብላላል፣ ያለ ኦክስጅን መኖር ይችላል ወይስ አይችልም። በ1923 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የበርጊ የባክቴሪያ መለያ መመሪያ የተዋቀረው እንዲህ ባሉ መለያዎች ላይ ነው። ለሐኪሙና ለላቦራቶሪ ባለሙያው ይህ ይበቃል፤ በሽታ አምጪውን ለይቶ መድኃኒት ለማዘዝ የትውልዱን ሐረግ መቁጠር አያስፈልግም። ዝግመተ ለውጥን ለሚያጠና ሰው ግን ምደባው ምንም አይናገርም ነበር። የእንስሳትና የዕፅዋት ሐረግ በቅሪተ አካልና በአካል አሠራር ሲቆጠር፣ ከሕይወት ታሪክ ግማሽ ያህሉን ምድርን ብቻቸውን የያዙት ረቂቅ ፍጥረታት ማን ከማን እንደወረደ የሚመሰክርላቸው አልነበረም። ሮጀር ስታኒየርና ኮርኔሊስ ቫን ኒል በ1941 በዘር ዝምድና ላይ የቆመ ምደባ ለማውጣት ሞክረው ነበር። በ1962 ግን ያንን ሥራቸውን ትተው ባክቴሪያን በአንድ ጉድለት ገለጹት፤ ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ ነው አሉ። በሌለው ነገር የተገለጸ ወገን ከአንድ ወላጅ ይውረድ አይውረድ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይህን ክፍተት የሞላው የራይቦዞምን አርኤንኤ የሚያሠራው ዘረመል፣ በተለይም 16ኤስ የሚባለው ነው። የእኔ ክርክር ይህ ዘረመል ከቀለምና ከስኳር ፈተና የተሻለ መለያ ሆኖ መገኘቱ ዋናው ነገር አይደለም የሚል ነው። ዋናው ነገር ምደባን ከመደርደር ወደ ዘር ቆጠራ ማሻገሩ ነው፤ ቆጠራው እውነተኛ ለመሆኑም ከዘረመሉ ውጭ የተሰበሰበ ማስረጃ መስክሮለታል። ሞለኪውሎች የዝግመተ ለውጥ ታሪክ ሰነዶች ናቸው የሚለውን ሐሳብ ኤሚል ዙከርካንድልና ላይነስ ፖውሊንግ በ1965 አቅርበውት ነበር። የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሊቃውንት ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት ግድፈት ይዘው ሲያገኙ ከአንድ እናት ቅጂ መውረዳቸውን እንደሚረዱ ሁሉ፣ ዘረመልም ከትውልድ ትውልድ ሲገለበጥ የሚተርፍበት የፊደል ለውጥ ዝምድናን ያጋልጣል። ጥያቄው የትኛው ዘረመል ይነበብ የሚለው ነበር። ራይቦዞም ፕሮቲን የሚሠራበት ክፍል ስለሆነ ያለ እሱ የሚኖር ሕዋስ የለም፤ ሥራው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ስለዚህም አዝጋሚ ለውጥ ብቻ ይፈቅዳል። የ16ኤስ ርዝመት 1,500 ፊደል አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ አንዳንዱ ክፍል በቢሊዮን ዓመታት እንኳ እምብዛም ሳይነካ ቆይቷል፤ ሌላው ክፍል ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። የሩቁም የቅርቡም ዝምድና በአንድ ሞለኪውል ላይ የሚነበበው ለዚህ ነው።

ንባቡን የጀመረው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ አርባና ውስጥ ይሠራ የነበረው ካርል ዎዝ ነው። ዘዴው አድካሚ ነበር። ባክቴሪያው ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ ባለበት ምግብ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል፤ አርኤንኤውም ጨረር የሚለቅ ይሆናል። 16ኤሱ ተለይቶ ከወጣ በኋላ ቲ1 የተባለ ኢንዛይም «ጂ» የሚባለው ፊደል ባለበት ሁሉ ይቆርጠዋል። ቁርጥራጮቹ በኤሌክትሪክ ኃይል መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎ በሌላ አቅጣጫ ይበተናሉ፤ በላያቸው የኤክስሬይ ፊልም ይነጠፍና ሲታጠብ ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ አጭር የፊደል ተርታ ነው። የፊደሎቹን ቅደም ተከተል ለማወቅ ነጠብጣቡ ያረፈበት ቦታ ተቆርጦ ይወጣና በሌላ ኢንዛይም እንደገና ይከፋፈላል። ዎዝ መብራት በተገጠመበት ጠረጴዛ ላይ ፊልሞቹን ዘርግቶ ለዓመታት ሲያነጻጽር ኖረ። ሙሉ ዘረመሉን ያነበበ ሳይሆን ስድስትና ከዚያ በላይ ፊደል ያላቸውን ቁርጥራጮች ዝርዝር ያዘጋጀ ነበር፤ ሁለት ፍጥረታት በዝርዝራቸው የሚጋሩት ሲበዛ ዝምድናቸው ይቀርባል።

በ1976 የሥራ ባልደረባው ራልፍ ዎልፍ ሚቴን ጋዝ የሚያመነጩ ረቂቅ ፍጥረታትን ሰጠው። እነዚህ ኦክስጅን የሚገድላቸው፣ በረግረግ ጭቃና በላም ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከባክቴሪያ የሚለያቸው ነገር የለም። በፊልሙ ላይ ግን በሁሉም ባክቴሪያ ዘንድ የሚጠበቁት ነጠብጣቦች ጠፉ። ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ 13 ናሙናዎችን አነጻጽረው ሚቴን አመንጪዎቹ ከባክቴሪያ የሚርቁት እርሾና አይጥ ከባክቴሪያ የሚርቁትን ያህል መሆኑን አሳዩ። በኋላ አርኬያ የተባለው ሦስተኛው የሕይወት ወገን የተገኘው እንዲህ ነው። ዜናው ኖቬምበር 3 ቀን በኒውዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ የኖቤል ተሸላሚው ሳልቫዶር ሉሪያም ዎልፍን ስልክ ደውሎ ራሱን ከዚህ ነገር እንዲያርቅ መከረው።

ሉሪያ የሳተው በወቅቱ ሌላ ምስክር ገና ስላልቀረበ ነው፤ ምስክሩ ግን ብዙም ሳይቆይ መጣ። በጨው ባሕርና በፍል ውኃ የሚኖሩ ጥቂት ፍጥረታት የሕዋሳቸው ሽፋን ስብ ከባክቴሪያ ስብ በኬሚካዊ አሠራሩ የተለየ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሙቀትንና ጨውን ለመቋቋም የመጣ መላ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ዎዝ እነዚህን ፍጥረታት ከሚቴን አመንጪዎቹ ጋር አዛመዳቸው። ከዚያ የሚቴን አመንጪዎቹ ስብ ሲመረመር ያው የተለየ ስብ ሆኖ ተገኘ፤ የላም ሆድ ደግሞ ፍል ውኃም ጨው ባሕርም አይደለም። በጀርመን ኦቶ ካንድለር በእነዚህ ፍጥረታት የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ የባክቴሪያ ግድግዳ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር አጣ፤ ቮልፍራም ሲሊግም ዲኤንኤን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይማቸው ከባክቴሪያ ይልቅ የእኛን ዓይነት ሕዋሳት እንደሚመስል አሳየ። ስብ፣ ግድግዳና ኢንዛይም በየራሳቸው መንገድ ተጠንተው ከአንድ ዘረመል ዝርዝር ጋር ከተስማሙ፣ ዝርዝሩ የላቦራቶሪ አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም።

ከተቃዋሚዎች ሁሉ የላቀ ክብደት የነበረው የዝግመተ ለውጥ ሊቁ ኤርንስት ማየር ነው። በ1998 ባቀረበው ሙግት አርኬያና ባክቴሪያ በአካላቸው ስለሚመሳሰሉ ሕይወት መከፈል ያለበት ኒውክለስ ባለውና በሌለው ነው አለ፤ ኒውክለስ ያለው ወገን የዝርያ ብዛትም ይህን ያጸናል ሲል ጨመረ። የቅርንጫፍ ጥልቀትና የዝርያ ብዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለቱ ትክክል ነው። ሆኖም መመሳሰልን የለካው በዓይን ነው፤ ባክቴሪያ ደግሞ ለዓይን የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው። ማይኮፕላዝማን እንመልከት። ግድግዳ የለውም፣ እጅግ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የሁሉ ጥንት ሳይሆን አይቀርም ይባል ነበር። የራይቦዞም አርኤንኤው ሲነበብ ግን ግድግዳ ከነበራቸው የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ዘመዶች ወርዶ ብዙ የጣለ ፍጥረት መሆኑ ታወቀ። በዓይን ጥንታዊ የመሰለው በዘር ቆጠራ ዘግይቶ የመጣ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ባክቴሪያ ዘረመል ከልጅ ለልጅ ብቻ አያስተላልፍም፤ ከጎረቤትም ይቀበላል። ፎርድ ዱሊትል በ1999 አንድ ዘረመል የመላውን ፍጥረት ታሪክ ይነግራል ማለት እንደማይቻል ተከራከረ። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች የኢ. ኮላይን ሰባቱንም የራይቦዞም አርኤንኤ የዘረመል ስብስቦች አጥፍተው በሌላ ባክቴሪያ ስብስብ ተክተው በሕይወት አኖሩት። ስለዚህ መተካት ፈጽሞ አይሆንም ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ተተኪዎቹ የቅርብ ዘመዶች ነበሩ። 16ኤስ ከሃያ በላይ ፕሮቲኖች ጋር ተጠላልፎ ስለሚሠራ የሩቅ ባዕድ በቦታው ሊቆም ይቸግረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መልስ በኋላ የመጣው ነው፤ ሙሉ ጂኖም ማንበብ ሲቻል ብዙ ፕሮቲኖችን በአንድነት አስልተው የተሠሩት የዘር ሐረጎች ዋና ዋናዎቹን የ16ኤስ ቅርንጫፎች መልሰው አወጡ።

የማያደርገውንም መናገር ተገቢ ነው። በ1994 የቀረበውና ከ97 በመቶ በታች የሚመሳሰሉትን የተለያየ ዝርያ የሚያደርገው መለኪያ ለቅርብ ዘመዶች አይሠራም። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያና ምግብ የሚመርዘው ባሲለስ ሴሬየስ በ16ኤስ አይለዩም ማለት ይቻላል፤ ገዳይነቱ ያለው በተጨማሪ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም ከኢ. ኮላይ ጋር እንዲሁ ነው። ሦስት ወገን የሚለው ሥዕልም ተሻሽሏል፤ በ2015 ከአርክቲክ ባሕር ወለል የተገለጹት ሎኪአርኬያ የእኛ ዓይነት ሕዋስ ከአርኬያ ውስጥ እንደበቀለ ያመለክታሉ። ሆኖም የሎኪአርኬያ ወገን መኖር መጀመሪያ የታወቀው በዚሁ ዘረመል ነው።

ዘረመሉ በላቦራቶሪ ያላደጉትንም ማንበብ ማስቻሉ ወደ እኛ አገር አድርሶታል። በፈረንሳይ ኦርሴ የሚሠራ ቡድን በ2019 ባሳተመው ጥናት በዳሎል ዙሪያ ባለው የጨው ሜዳና በአሳሌ ሐይቅ ውስጥ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኬያ አገኘ። እጅግ አሲዳማ በሆኑት ባለቀለም ኩሬዎች ግን ነዋሪ አላገኘም፤ እዚያ የተነበቡት ጥቂት ዘረመሎች ከሰውና ከላቦራቶሪ የመጡ ወይም ነፋስ ያመጣቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በስፍራው እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት አይቻለሁ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለው ክርክር የሚፈታው ናሙና ከየት እንደተቀዳና ምን እንደተቀላቀለበት በጥንቃቄ በመቆጣጠር ነው፤ ቦታው በአገራችን ስለሆነ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ንባቡን ደጋግመው ይፈትኑት።